የደም ግፊት መድኃኒትን በጥንቃቄ ስለመውሰድ፦ ለጅማና ለአካባቢዋ ታካሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለሚኖሩ፣ ሐኪም የደም ግፊት መድኃኒት ላዘዘላቸው ሰዎችና ከጎናቸው ሆነው ለሚያስታምሟቸው ቤተሰቦች የተጻፈ ነው። የትኛው መድኃኒት በምን ያህል መጠን ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አንገባም፤ የሚነገረው ማዘዣው ከተጻፈ በኋላ ስላለው ሥራ ነው። በፋርማሲ መስኮት ቆሜ እንደታዘብኩት፣ የግፊት መድኃኒት ሰውን የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ በመሸጋገሪያው ላይ ነው። ከሐኪም ወደ ፋርማሲ፣ ከአንዱ ወር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ የንግድ ስም ወደ ሌላው፣ ከፍስክ ወደ ጾም ሲታለፍ አንድ ነገር ይዘነጋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎችም በእነዚህ መሸጋገሪያዎች ላይ ያተኩራሉ።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። ከፍተኛ የደም ግፊት፣ በተለምዶ የደም ብዛት የምንለው፣ በአብዛኛው ምንም ስሜት የለውም። ራስ አለማመሙ ግፊቱ ለመውረዱ ማስረጃ አይሆንም፤ ራስ ማመሙም ግፊት ለመነሣቱ ማስረጃ አይሆንም። ክኒኑ በየቀኑ ሲወሰድ ልኬቱን ዝቅ አድርጎ ይይዛል እንጂ ሕመሙን ነቅሎ አያወጣም። ስለዚህ 120/80 ተለክቶ «ተመስገን፣ ድኛለሁ» ብሎ ያቆመ ሰው ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ቆይቶ ግፊቱ ወደነበረበት ይመለሳል፤ እሱ ግን ምንም አይሰማውም። ስትሮክ፣ የልብ ድካምና የኩላሊት ድክመት የሚመጡት በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ «ደህና ስለሆንኩ» የሚለው ምክንያት መድኃኒት ለማቋረጥ በቂ ሆኖ የሚቆጠርበት ቦታ የለም።

1. ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሆነ በሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ፣ በክትትል ቀን ወረፋው ረጅም፣ ከሐኪሙ ጋር የሚቆዩበት ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ስለሆነም መናገር የሚገባዎትን ወረፋ ላይ ሳሉ ያዘጋጁ። አስም፣ ስኳር፣ ሪህ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ፣ ከዚህ በፊት በአንድ መድኃኒት ከንፈርዎ ወይም ፊትዎ አብጦ ከሆነ ሳይጠየቁም ይናገሩ። እነዚህ እያንዳንዳቸው የመድኃኒቱን ምርጫ የሚለውጡ ናቸው። ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ለምሳሌ ፅንስን ስለሚጎዱ በእርግዝና ጊዜ አይወሰዱም፤ በምትካቸው እንደ ሜቲልዶፓና ኒፌዲፒን ያሉት ይታዘዛሉ። ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ደግሞ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥሩት ይችላሉ።

ከዚያ ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ። አዲሱ መድኃኒት በቀድሞው ላይ የተጨመረ ነው ወይስ የቀድሞውን የተካ? በቀን ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት? የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ መቼ ላድርግ? የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይታያል። ሦስተኛውም ትርፍ ነገር አይደለም፤ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደሙ ተመርምሮ ኩላሊቱ እንዴት እንደተቀበለው መታወቅ አለበት።

2. በፋርማሲው መስኮት

ከሰርቦ በኩል የመጡ አንድ እናት ሁለት ስትሪፕ ክኒን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ።

«እናቴ፣ እነዚህን እንዴት ነው የሚወስዷቸው?»

«ይሄን ጠዋት፣ ይሄን ደግሞ ማታ። የማታው አዲስ የጨመሩልኝ ነው፣ ልጄ። ግን እግሬን አሳበጠኝ።»

የጫማቸው ማሰሪያ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጠልቆ ቦይ ሠርቷል። ስትሪፖቹን ስገለብጣቸው ቀለማቸውም፣ አምራቻቸውም፣ ጎልቶ የተጻፈው ስማቸውም ይለያያል፤ ከሥሩ በትንሹ የታተመው ግን ሁለቱም ላይ አምሎዲፒን ነው፤ አንደኛው 5 ሚሊ ግራም፣ ሁለተኛው 10። ሐኪሙ መጠኑን ከ5 ወደ 10 አሳድጎት ነበር፤ እሳቸው ግን ሁለቱንም እየዋጡ በቀን 15 ሚሊ ግራም ደርሰዋል። የአምሎዲፒን የቀን ጣሪያ 10 ሚሊ ግራም ነው። ነገሩን ለሐኪማቸው አስታውቀን ሁለት ስትሪፕ ይዘው መጥተው አንዱን ብቻ ይዘው ተመለሱ።

ከዚህ የሚወጣው አሠራር ይህ ነው። በማሸጊያው ላይ ሁለት ስም አለ፤ በጉልህ የተጻፈው የፋብሪካው የንግድ ስም ሲሆን በየግዢው ሊለዋወጥ ይችላል፤ በትንሹ የተጻፈው ደግሞ የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም ነው። ከማዘዣው ጋር የሚያመሳክሩት ሁለተኛውንና ከጎኑ ያለውን የሚሊ ግራም ቁጥር ነው። የላቲን ፊደል የማያነቡ ከሆነ ተማሪ ልጅ ወይም ፋርማሲስቱ ያንብብልዎት። የስሞቹ መጨረሻም ቤተሰባቸውን ይናገራል፤ በ«ፕሪል» የሚያልቁት፣ በ«ሳርታን» የሚያልቁት፣ በ«ዲፒን» የሚያልቁትና በ«ሎል» የሚያልቁት በየራሳቸው አንድ ወገን ናቸው። እቤትዎ ውስጥ መጨረሻቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት መድኃኒቶች ካገኙ፣ ወይም አንዱ በ«ፕሪል» ሌላው በ«ሳርታን» የሚያልቅ ከሆነ፣ ሁለቱን አብረው ከመዋጥዎ በፊት ይጠይቁ።

የታዘዘው መጠን ጠፍቶ ሌላ መጠን ብቻ ቢገኝ፣ ለምሳሌ 5 ታዝዞ 10 ቢኖር፣ ክኒኑን ለሁለት መክፈል የሚቻለው መሐሉ ላይ መክፈያ መስመር ካለውና ፋርማሲስቱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ቀስ እያለ እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀው ኒፌዲፒን በምንም መንገድ አይከፈልም፣ አይፈጭም፣ አይታኘክም፤ ለሰዓታት ሊዳረስ የታሰበው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ገብቶ ግፊቱን በድንገት ያወርደዋል።

ቀጥሎ የማብቂያ ቀኑን ይመልከቱ፤ እዚህ ላይ የቀን አቆጣጠራችን ወጥመድ አለው። በማሸጊያው ላይ የሚታተመው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስትሪፑ ላይ 06/2025 የሚል ቢኖርና አንድ ሰው በ2018 ዓ.ም. እንደኛ አቆጣጠር ቢያነበው ገና 7 ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ መድኃኒቱ ግን ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጊዜው አብቅቷል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የወሩ ቁጥር ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀንሱ፤ ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 ይቀንሱ። መድኃኒቱ የሚያገለግለው የተጻፈው ወር እስኪያልቅ ድረስ ነው። ፋርማሲው ስትሪፑን ቆርጦ የሚሰጥዎት ከሆነ ቀኑ ያለበት ጫፍ ተቆርጦ ሊቀር ስለሚችል ቀኑን በመድኃኒቱ ፖስታ ላይ እንዲጽፉልዎት ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው። ክኒኑ የተሰነጠቀ፣ ቀለሙ የተቀየረ ወይም ማሸጊያው አጠራጣሪ ከሆነ መልሰው ያምጡት። ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።

3. ሰዓቱን መወሰን

የእኛ ሰዓት ከጠዋት 12 ይጀምራል፤ የመድኃኒት ወረቀትና የስልክ ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ በውጭው አቆጣጠር ነው። በወረቀት ላይ ከቀትር በፊት 8፡00 የተባለው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ይህን ሳያስተውል ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሚውጥ ሰው አለ። «በየ12 ሰዓቱ» የተባለውም «12 ሰዓት ላይ» ተብሎ እየተሰማ በቀን ሁለት ጊዜ መወሰድ ያለበት መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ ሲወሰድ ይገኛል። ስለዚህ ሰዓቱ በቁጥር ብቻ ሳይሆን «ጠዋት ከቁርስ በፊት»፣ «ማታ ከእራት በኋላ» እየተባለ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ፖስታው ላይ ይጻፍልዎት። ማንበብ ለማይችሉ ፀሐይና ጨረቃ ቢሣልላቸው ይበቃል።

በቀን አንድ ጊዜ ለሚወሰዱት ለአብዛኞቹ የግፊት መድኃኒቶች ጠዋት ወይም ማታ መሆኑ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ትልቁ ቁም ነገር ሰዓቱ በየቀኑ አንድ መሆኑና የማይረሳ መሆኑ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ ግን ሽንት ስለሚያበዙ ሐኪሙ ሌላ ካላለ ጠዋት ይወሰዳሉ፤ ማታ የዋጣቸው ሰው ሌሊቱን ሲመላለስ ያድራል፣ በዕድሜ የገፉት ደግሞ በጨለማ ሊወድቁ ይችላሉ።

መድኃኒቱን በማንኛውም ቀን ከማይቀር ነገር ጋር ያያይዙት። የሱብሂ ሶላት፣ የጠዋት ጸሎት ወይም የማለዳ ቡና ለዚህ ይመቻሉ። ቡና በማይታጣበት አገራችን ረከቦቱ ሲቀርብ ክኒኑን ማስታወስ ጥሩ ዘዴ ነው። የሚዋጠው ግን በውኃ ነው፤ አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው ይዋጡት። አብዛኞቹ የግፊት መድኃኒቶች ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ መወሰድ ይችላሉ፤ ካፕቶፕሪል ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ሲሆን ይሻላል።

4. ሲረሳና ሲታወክ

አንድ መጠን ከረሱ ባስታወሱ ጊዜ ይውሰዱት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈውን ትተው ወደ ቀጣዩ ይለፉ። ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። ከዋጡ በኋላ ወዲያው ካስመለሰዎት እንደገና ከመዋጥዎ በፊት ፋርማሲስት ይጠይቁ።

ከባድ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎት ነገሩ ሌላ ነው። ሰውነት ውኃ አጥቶ እያለ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት መቀጠል ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄደው «ለጊዜው ልቀጥል ወይስ ላቁም?» ብለው ይጠይቁ። በራስ ሥልጣን ማቆም ልማድ እንዳይሆን መልሰው የሚጀምሩበትን ቀን አብረው ይቀበሉ።

5. አቀማመጥ

ጅማ ዝናቧ ብዙ፣ አየሯም እርጥብ ነው፤ ክኒን ደግሞ እርጥበት አይወድም። እስከሚዋጥበት ደቂቃ ድረስ ከስትሪፑ አይውጣ። ምድጃ አጠገብ፣ መታጠቢያ ቤት ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አይቀመጥ፤ በተለይ ኒፌዲፒን ብርሃን ያበላሸዋል። ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ከፍ ያለ ደረቅ መደርደሪያ ወይም የተቆለፈ ሳጥን ይበቃል። ከፍ ያለ የተባለው በምክንያት ነው፤ አንድ ፍሬ አምሎዲፒን እንኳ ትንሽ ልጅን ለአደጋ ሊያደርሰው ይችላል። ልጅ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ ስትሪፑን ይዘው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

6. መለካት

መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው በልኬት ብቻ ስለሆነ አለካኩ ትክክል ካልሆነ ሐኪሙ በተሳሳተ ቁጥር መድኃኒት ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ዳገት ወጥተው እንደደረሱ አይለኩ፤ ጫት የቃሙበት ቀን ልኬትም ምርቃናውን እንጂ የዘወትር ግፊትዎን አያሳይም። ሽንትዎን ይሽኑ፤ ጀርባዎን ተደግፈው፣ እግርዎን ሳያጣምሩ መሬት ላይ አሳርፈው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትይዩ ይረፍ። ማሰሪያው በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይጠምጠም። ሲለኩ አይነጋገሩ፣ የሚለካዎትም ሰው ወሬ አያንሣብዎት። ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩና ሁለቱንም ይጻፉ። የቤት መለኪያ የሚገዙ ከሆነ የላይ ክንድ ላይ የሚታሰረው በእጅ አንጓ ከሚታሰረው የተሻለ ይታመናል።

ደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የላይኛውና የታችኛው ቁጥር፣ እንዲሁም በዚያ ቀን መድኃኒቱ መወሰዱ ወይም አለመወሰዱ ይሥፈር። ሐኪምዎ የተለየ ግብ ካልሰጠዎት በጤና ተቋም የሚለካው ከ140/90 በታች፣ ቤት ውስጥ የሚለካው ከ135/85 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። አንድ ቀን ከፍ ማለቱ ብቻውን አያስደንግጥዎት፤ ሐኪሙ የሚያየው የብዙ ቀናቱን አዝማሚያ ነው። አምሎዲፒን ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ መድኃኒት በጀመሩ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ማለትም አይገባም።

7. የጎንዮሽ ጉዳትን ለይቶ ማወቅ

ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወው ያልተነገረው ነገር ሲደርስበት ነው፤ ቢነገረው ኖሮ ይታገሠው ወይም ያስቀይረው ነበር። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ ራስ ምታትና የፊት ሙቀትም ያመጣል። ኢናላፕሪል ደረቅ፣ የሚያስቸግር ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ይህን ሳል ብርድ ነው እያሉ በሽሮፕ ብዙ ወር የሚደክሙ አሉ፤ መድኃኒቱ በሎሳርታን ሲቀየር ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፖታሲየምን አሳንሶ የጡንቻ መሸማቀቅ ያስከትላል፣ ሪህንም ሊቀሰቅስ ይችላል። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ያዘገያሉ። እነዚህን ድንገት ማቆም ልብን ስለሚያናውጥ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ካልሆነ በቀር አይቆሙም።

ማዞር በጀመሩበት ሳምንት ወይም መጠን በተጨመረበት ሰሞን የተለመደ ነው። ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ። ከስግደት ሲነሡም እንዲሁ፤ ራስዎ ከተንሳፈፈ ለጥቂት ቀናት ተቀምጠው ይጸልዩ፣ ይስገዱ።

በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ሳያቆሙ ሐኪሙን ያነጋግሩ። የማይጠበቅበት አንድ ሁኔታ አለ። ኢናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ካበጠ ቀጣዩን ክኒን አይውጥ፤ አየር መተላለፊያው ሊዘጋ ስለሚችል በዚያው ቅጽበት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ይህ መድኃኒቱን ለወራት በሰላም በወሰደ ሰው ላይም ሊደርስ ይችላል።

8. ከመድኃኒቱ ጋር የማይስማሙ ነገሮች

በቀዳሚነት የማስቀምጠው የሕመም ማስታገሻን ነው፤ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም። ለወገብ፣ ለጉልበትና ለመገጣጠሚያ የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ግፊት ያነሣሉ፣ የግፊቱን መድኃኒት ጉልበት ያሳንሳሉ፤ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሦስት ሆነው ሲገናኙ ደግሞ ኩላሊትን በአንድ ላይ ይጎዳሉ። በመርፌ መሰጠቱም ሆነ በክኒን መሆኑ ልዩነት የለውም። ማስታገሻ ሲያስፈልግዎት «የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ» ብለው ፓራሲታሞል ይጠይቁ። ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው የጉንፋን መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ያለ ሐኪም የሚወሰዱ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎንም ግፊት ያነሣሉ።

ስለ ጫት በጅማ ሳይናገሩ ማለፍ የማይቻል ነው። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ ከዚህም ሌላ ከበርጫ የተነሣ ሰው እራት አይበላም፣ እንቅልፍ ያጣል፣ የማታውንም ክኒን ይረሳል። የግፊት ታካሚ ቢተወው ይሻለዋል። አሁኑኑ መተው የከበደው ደግሞ ቢያንስ መቃሙን ከሐኪሙ አይደብቅ፤ መድኃኒት እየተጨመረለት ልኬቱ የማይወርድበትን ምክንያት ሐኪሙ ካላወቀ ሦስተኛና አራተኛ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ጫቱን በአልኮል መስበር፣ ማለትም ጨብሲው፣ በማግስቱ ማዞርና ግራ መጋባት ይጨምርበታል።

ቡናው ራሱ በልክ ሲጠጣ ለአብዛኛው ሰው ክፉ አይደለም፤ ልብ የማንለው ግን በገጠሩ የሚገባበት ጨው ነው። አንድ ሰው በቀን ከሁሉም ምግቡ የሚያገኘው ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ደልደል ያለ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ በርበሬው፣ ሽሮውና ዳቦው ውስጥ ያለው ከዚሁ ላይ ይቆጠራል። ለግፊት ታካሚ በአቦል፣ በቶናና በበረካ ላይ ጨው መጨመር መድኃኒቱን በአንድ እጅ እየሰጡ በሌላው እንደመቀማት ነው።

ነጭ ሽንኩርት፣ ሺፈራውና ጥቁር አዝሙድ እንደ ምግብ ቢበሉ አልከለክልም። ክኒኑን ተክተው ግን አይቆሙም፤ ተጨምቀው ወይም በዱቄት መልክ በብዛት ሲወሰዱ ለሐኪሙ ይነገር። የጎረቤት ክኒን መዋስም እንዲሁ የተለመደ ቸርነት ቢሆንም የሰውየው ኩላሊትና የእርስዎ ኩላሊት አንድ ላይሆን ይችላል።

9. ጾምና የቡና ለቀማ ወራት

ረመዳን ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ሻዕባን ላይ ሳሉ፣ ሐኪምዎን ያነጋግሩ። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው መድኃኒት ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር በቀላሉ ይዛወራል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው በሁለቱ መካከል ሊከፈል ይችላል፤ ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ካለ ግን ሐኪሙ ረጅም ሰዓት በሚሠራ ሌላ ቢተካው ይሻላል። የሚያሸናው መድኃኒት ሱሁር ላይ ከተወሰደ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ሰውነትዎን ስለሚያደርቀው ሰዓቱን የሚወስነው ሐኪሙ ይሁን። ኢናላፕሪልን ወደ ኢፍጣር ሰዓት አዛውረው ቆይተው በዒድ ማግስት ወደ ቀድሞው ሰዓት ሲመለሱ በአንድ ቀን ሁለት መጠን እንዳይደርብ ይጠንቀቁ።

በኦርቶዶክስ ጾም ጊዜ መድኃኒቱን እስከ 9 ሰዓት ማቆየት ቢፈልጉ የንስሐ አባትዎንና ሐኪምዎን ያማክሩ፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ወደ ማታ ማዛወሩ ብቻውን ነገሩን ሊፈታው ይችላል። ጸበል የሚጠመቁም፣ ዱአ የሚያስደርጉም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ያድርጉት።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት ሌላ ችግር አለ። ሰው ወደ ሰቃ፣ ወደ ጎማ፣ ወደ ማና ወርዶ ሳምንታት ይቆያል፤ የያዘው ስትሪፕ እዚያው ያልቅበታል፤ «ከገበያ ስመለስ እገዛለሁ» እያለ ወሩ ይገባደዳል። ከመሄድዎ በፊት ፍሬዎቹን ይቁጠሩ፤ ከሚቆዩበት ቀን በላይ የአንድ ሳምንት ትርፍ ይያዙ። ከተማ ውስጥም ቢሆን የመጨረሻው ስትሪፕ ሲጀመር ሳይሆን ከሱ በፊት ያለው ሲጋመስ ቀጣዩን ይግዙ፤ መድኃኒት ከገበያ በሚጠፋበት ጊዜ እየዞሩ ለመፈለግ ቀን ያስገኝልዎታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን በየዓመቱ በወቅቱ ያሳድሱ፤ ከቀጠሮው ቀን በፊት የመታወቂያው ጊዜ ማለፉን አለማስተዋል በወረፋው መጨረሻ ላይ ባዶ እጅ ያስመልሳል።

10. መጠበቅ የማይገባበት ጊዜ

ልኬቱ 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሌላ ምንም ምልክት ከሌለ 5 ደቂቃ አርፈው ደግመው ይለኩ። አሁንም ከሆነ የዕለቱን መጠን ረስተው እንደሆነ ይውሰዱት፤ ከታዘዘው በላይ ግን አይጨምሩ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በጥድፊያ ለማውረድ ተብሎ ኒፌዲፒንን ምላስ ሥር ማድረግ ወይም ሰብሮ መጭመቅ በአንዳንድ ቦታ እስካሁን የሚደረግ አደገኛ ልማድ ነው፤ ድንገት የወረደ ግፊት ራሱ ስትሮክና የልብ ድካም ያስከትላል።

ቁጥሩ ምንም ይሁን፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድንገተኛ የዓይን መጋረድ፣ የፊት በአንድ ወገን መውደቅ፣ የአንድ እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም ራስን መሳት ከታየ ጊዜ አይሰጥም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው ተሽከርካሪ ይወሰድ። ለታማሚው ውኃም፣ ምግብም፣ ክኒንም በአፉ አይስጡት፤ መዋጥ ካቃተው ወደ ሳንባው ይገባል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይጻፉ፤ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በመደርደሪያው ላይ ያሉትን ስትሪፖች በሙሉ፣ ያለቁባቸውንም ጭምር፣ ከልኬት ደብተሩ ጋር በአንድ ፌስታል አድርገው ይዘው ይሂዱ።